«የዱር ናት» የተባለችው ኦርኪድ

አለቃዬ ጋሼ «አበባዋን ተዋት፣ የተጻፈውን አንብብ» ያሉኝ እስካሁን ከሆዴ አልወጣልኝም።

ደብረ ብርሃን ኅዳር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ስለዚህ ለግሪን ሀውሳችን ብርድ የምትችል ባለከረጢት ኦርኪድ ስትመጣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ፖቱ ላይ የተሰካው ካርድ «ፓፊዮፔዲለም ኢንሲግኔ» ይላል። ያመጣት ነጋዴ ከሕንድ፣ ከካሲ ኮረብቶች ጫካ የተነቀለች ናት ብሎ ለጋሼ ምሎላቸዋል። ኢንሲግኔ በእርግጥ የዚያ አገር ተክል ናት፤ ብርዱንም ከብዙ ዘመዶቿ ይልቅ ትችላለች። ቅጠሏ ዥንጉርጉር የሌለበት አረንጓዴ ነው፤ የእኛዋም እንደዚያው። በቅጠል ግን አይፈረድም፤ ስፓይሰሪያነም የምትባለው ዘመዷም ሆነች ከሁለቱ የተዳቀለችው ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው። እስክታብብ እንጠብቅ አልኩ።

አበበች። የላይኛው ሰፊ ሴፓል፣ ማለትም አበባዋን ከውጭ የሚያቅፈው ክፍል፣ ኢንሲግኔ ላይ ቢጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ነው፤ ቡናማ ነጠብጣብ ይበዛበታል፣ ነጩ ጫፉ ላይ ነው። የእኛዋ ግን አብዛኛው ነጭ፣ አረንጓዴው ከሥሩ ብቻ። መሀሉን ደግሞ ከታች ወደ ላይ ወይን ጠጅ መስመር ሰንጥቆታል፤ ይሄ የስፓይሰሪያነም ምልክት ነው። ቀጥዬ ስታሚኖዷን አየሁ፤ ከከረጢቱ አፍ በላይ እንደ ጋሻ የምትቀመጠውን ትንሽ ክፍል። ቀለም በብርሃንና በሙቀት ይለዋወጣል፤ የስታሚኖድ ቅርጽ ግን ከቀለም ይልቅ ይታመናል። የኢንሲግኔ ቢጫና ጸጉራም ናት፤ የስፓይሰሪያነም ወደ ወይን ጠጅ ታደላለች፣ ጠርዟም ይታጠፋል። የእኛዋ ከሁለቱም ወስዳለች። ሊአነም ናት፤ በ1884 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተመዘገበች፣ በኢንሲግኔ ስም ስትሸጥ የኖረች ድቅል።

ጋሼን ጠርቼ በአጉሊ መነጽር አሳየኋቸው።

«ካርዱ ኢንሲግኔ ይላል እኮ፣ ልጄ።»

«ካርድ ከፖት ወደ ፖት ይዘዋወራል፣ ጋሼ።»

«የዱር ናት ካልን በጥሩ ዋጋ ትሸጣለች። ድቅል ናት ካልን ማን ይገዛታል?»

«ከጫካ ተነቅላ ከሆነ ንግዷ ሕገ ወጥ ነው። ፓፊዮፔዲለም የሚባለው ወገን በሙሉ፣ ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይቲስ ስምምነት አባሪ አንድ ላይ ነው ያለው፤ ከዱር የተነቀለውን ለንግድ ድንበር ማሻገር አይቻልም። ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ካልተነቀለች ደግሞ ደንበኛ እያታለልን ነው።»

ጋሼ ዝም አሉ። «አበባዋን ተዋት» ያሉኝ ከዚያ በኋላ ነው።

«ማን ይገዛታል» ማለታቸውም አሳዝኖኛል። ድቅል መሆን ነውር የለውም። ሊአነም ጠንካራ ናት፣ ሳታስቸግር ታብባለች፤ ለእኛ አገር ብርድ ደፍሬ የምመክራት ተክል ናት። ግን ዘር ላወጣባት ብሎ የሚገዛም ሰው አለ። ከድቅል ዘር የሚወጡ ችግኞች እርስ በርሳቸው እንኳ አይመሳሰሉም፤ ሰውዬው ዓመታት ተንከባክቦ የተታለለውን የሚያውቀው ሲያብቡለት ነው። ለእሱ ምን ብለን እንመልስለታለን?

አዲስ ካርድ ጻፍኩ፦ «ሊአነም፤ የኢንሲግኔና የስፓይሰሪያነም ድቅል።» በማግስቱ አሮጌው ተመልሶ ተሰክቷል። አወጣሁትና የኔን መለስኩ።

የተሸጠችው እኔ በሌለሁበት ቀን ነው፣ በአሮጌው ካርድ፣ «የዱር ናት» ተብላ። ገዢው አንኮበር ያሉ ጡረታ የወጡ መምህር መሆናቸውን ስሰማ ስልካቸውን አፈላልጌ ደወልኩላቸውና ያየሁትን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ስታሚኖዱ የቱ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ስልኩን ይዘው ተክሏ ዘንድ ሄደው እኔ እየነገርኳቸው እሳቸው አዩ። ከዚያ «የዋጋውን ልዩነት እንዲመልሱልኝ ለአለቃህ ንገርልኝ» አሉኝ።

ጋሼ ገንዘቡን መልሰውላቸዋል። እኔን ደግሞ ከኦርኪዶቹ አንስተው ወደ ጽጌረዳው ክፍል አዛወሩኝ። ኦርኪድ ሲገባ ካርዱን የሚጽፈው አሁን ሌላ ልጅ ነው።