እህቴ ሰው አትፈራም

ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ። እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖረው ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ዕጣ የወጣለት አለ፣ ተከራይ አለ፣ የድሮ ቤቱ ፈርሶበት የመጣም አለ። ሰላም ለመባባል እንኳ ጊዜ ይፈልጋል። እኛ ግን በገባን ሰሞን ከብሎኩ ጋር ቤተሰብ ሆንን፤ ሚጢ ምስጋና ይግባት። የማን ልጅ እንዳመመው፣ የማን ምጣድ እንደተቃጠለ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ መጀመሪያ የምሰማው ከእሷ ነው።

ሚጢ ታናሽ እህቴ ናት። 13 ዓመቷ ነው። ዊሊያምስ ሲንድረም አለባት። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ኦቲዝም ማለት ነው?» ይለኛል። አልፈርድም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ኦቲዝም ስላለበት ልጃቸው በአደባባይ ባይናገሩ ኖሮ ኦቲዝምንም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። የሚጢ ግን ሌላ ነው። ስሙ የመጣው ዊሊያምስ ከሚባል የኒውዚላንድ የልብ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ስለ አራት በሽተኞች ጻፈ። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር የጠበበባቸው፣ መልካቸው የሚመሳሰል፣ ትምህርት የሚከብዳቸው ነበሩ። የሚጢም ነገር የተጀመረው ከልቧ ነው። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ከዚያ ፊቷን አየ፣ ደግሞ አዳመጠ፣ ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ትነሳ አለ። ደሟ ውጭ አገር ተልኮ ነው ስሙ የታወቀው።

ክሮሞዞም ማለት የዘር መረጃችን የተጻፈበት ክር ነው። እያንዳንዳችን ሰባተኛው ክሮሞዞም ሁለት ሁለት አለን፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። የሚጢ አንደኛው ላይ 1.5 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደል የሚሆን ቁራጭ የለም። ከ25 በላይ ጂኖች አብረው ሄደዋል። አንዱ የደም ሥርን የሚያለጥጠው የኢላስቲን ጂን ነው፤ የልቧ ችግር ከዚያ ነው። ግን ለምን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ? ከቁራጩ ግራና ቀኝ ያሉት ክፍሎች በጣም ስለሚመሳሰሉ ነው። ብራና ላይ የሚገለብጥ ጸሐፊ ሁለት መስመር በአንድ ቃል ካለቀበት ዓይኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልና መሀል ያለውን ሳይጽፍ ያልፋል። እንደዚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው እንቁላሉ ወይም ዘሩ ሲዘጋጅ ነው፤ ገና ሳይፀነስ።

ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ለእማዬ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። ለዓመታት «ነፍሰ ጡር ሆኜ ጄሪካን ተሸክሜ ዳገት ስለወጣሁ ነው» ትል ነበር። ዘመድ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። ዓይን ነው ያለ አለ፣ ምች ነው ያለ አለ። አንዷማ «አባትየው ሲሰክር የተፀነሰች ናት» አለች፤ አባቴ እኮ ጠላ እንኳ አይቀምስም። በምርምር የተገመተው ከ7,500 እስከ 20,000 ከሚወለዱ ልጆች አንዱ እንደዚህ እንደሚሆን ነው። በእኛ አገር በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃን ይወለዳል። አስሉት። በየዓመቱ በመቶ የሚቆጠሩ ሚጢዎች አሉ ማለት ነው። ስንቶቹ እናቶች ጄሪካን ላይ እያመካኙ ይሆን?

የሚጢን አንጎል ማንም በኤምአርአይ አይቶት አያውቅም። ለሕክምናዋ አላስፈለገም፣ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። የማውቀው ማታ ማታ ስልኬ ላይ ያነበብኩትን፣ የሌሎችን ነው። ዊሊያምስ ያለባቸው ሰዎች አንጎል በጥቅሉ ከሌላው ሰው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ያንሳል። የሚገርመው ግን ሁሉም ቦታ እኩል አለመቀነሱ ነው። ከኋላ በታች ያለው ትንሹ አንጎል ብዙም አልተነካም። ድምፅ የሚቀበለውም ክፍል እንዲሁ። ይበልጥ የጎደለው ከአናት ወደ ኋላ፣ ፓራይታል በሚባለው ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ቦይ አካባቢ ነው። ግራጫው ክፍል እዚያ ያንሳል፣ ቦዩም ያን ያህል አይጠልቅም። ዓይን ያየውን አንጎላችን በሁለት መንገድ ይሰደዋል። በአንዱ መንገድ ነገሩ ምን እንደሆነ ይለያል፤ በሌላው የት እንዳለ። ቦዩ ያለው «የት» በሚለው መንገድ ላይ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ሚጢን «ቤት ሳዪልኝ» ሳልላት አልቀረሁም። እርሳሱን ጨብጣ ደከመች። መጀመሪያ በር ሳለች፤ ቆንጆ በር፣ እጀታው ሳይቀር። መስኮቱን ግን ከበሩ በታች፣ ብቻውን። ጣራው ወረቀቱ ጥግ ላይ ተጋድሟል። ግድግዳ የለም። እያንዳንዱ ዕቃ ትክክል ነው፤ ቤቱ የለም። «እሺ በአፍሽ ንገሪኝ» አልኳት። «ቤት ማለት፣» አለች እጇን እያወዛወዘች፣ «ቡና ሲፈላ ጭሱ በመስኮት የሚወጣበት፣ እማዬ ስትቆጣ የምንደበቅበት፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ሁላችን አንድ ላይ የምንሆንበት ነው።» እኔ እንዲህ አድርጌ መናገር አልችልም።

ትምህርት ቤት አንዲት አስተማሪዋ «አፏ ስል ነው፣ እጇ ሰነፍ» ብላ ልካብን ነበር። አፏ ስል መሆኑ እውነት ነው።

ደረጃችን ደግሞ የታወቀው የኮንዶሚኒየም ደረጃ ነው፤ ሊሾ ሲሚንቶ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ግራጫ። መውጣቱ አያስቸግራትም። ስትወርድ ግን ግድግዳውን በመዳፏ ይዛ፣ እግሯን አየር ላይ እያንጠለጠለች መሬቱን ትፈልጋለች። የመጨረሻዋ ደረጃ ላይ ሁልጊዜ ትሳሳታለች፤ ወይ አንድ ይቀረኛል ብላ መሬቱን ትደልቃለች፣ ወይ አልቋል ብላ ትወድቃለች። የተረፈ ቢጫ ቀለም ነበረን። የየደረጃውን ጠርዝ በብሩሽ ቀባሁት። ኮሚቴው «የጋራ ንብረት ያለ ፈቃድ» ብሎ ተነስቶ ነበር። የምድር ቤቱ ጋሼ «እኔም እኮ በእሱ ነው የምወርደው፣ ተዉት» ሲሉ ነገሩ በረደ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሚጢ ሰው አትፈራም። ይህን ስል ምንም አትፈራም ማለቴ አይደለም፤ ዝናብ ያስፈራታል፣ ነጎድጓድ ያስለቅሳታል። ታች ያለው ብረታ ብረት ቤት ግራይንደር ሲያስነሳ ጆሮዋን ይዛ አልጋ ሥር ትገባለች። የማታውቀው ወንድ በር ሲያንኳኳ ግን እየሮጠች ትከፍታለች። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ዊሊያምስ ላለባቸው 13 ሰዎች የተቆጡና የፈሩ ፊቶችን አሳይተው አንጎላቸውን ተመለከቱ። አሚግዳላ የምትባል፣ ጠለቅ ብላ የተቀመጠች፣ አደጋ ሲመጣ የምትነቃ ትንሽ ክፍል አለች። ፊቶቹ ሲታዩ እንደሌላው ሰው አልነቃችም። የሚያስፈራ ቦታና አደጋ ሲታይ ደግሞ ከሌላው ሰው በላይ ነቃች። የሚጢን ግራይንደርና የሚጢን በር ሳስብ ሌላ ማብራሪያ አልፈለግኩም።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ቤቱ በር ላይ ጆንያ አየሁ። ውስጥ ቆራሌው ተቀምጧል፤ የሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው። ከፊቱ የምሳችን ሽሮ ቀርቧል። ሚጢ ስለ እናቱ እየጠየቀችው ነው። እኔን ሲያይ ብድግ አለ። «እህቴ፣ በእግዜር፣ እኔ አልገባም ብያለሁ። እጄን ይዛ ነው ያስገባችኝ» አለ። ላብ አጥምቆታል። ሲወጣ ደረጃው ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አስተምሯት። ሁሉ ሰው አንድ አይደለም» አለኝ። ጆንያውን አንስቶ ሳይጮህ ሄደ። «ቆራሌው!» የሚለው ድምፁ ከሁለት ብሎክ በኋላ ነው የተሰማኝ።

ጎረቤቶች ይህን ሲሰሙ «መልአክ እኮ ናት፣ ልቧ ንፁህ ነው» አሉ። እኔን ይሄ ያናድደኛል። እጇ እርሳስ ሲያቅተው ሰነፍ ትባላለች፤ በር ስትከፍት መልአክ። ሁለቱም ከዚያው ከጎደለው ቁራጭ የመጡ ናቸው። ያው ቦታ ጎድሎ ሳይሆን ተደግሞ የሚወለዱ ልጆችም አሉ። እነሱ ብዙ ጊዜ አፍ ለመፍታት ይዘገያሉ፣ ከእናታቸው ሲለዩ በጣም ይጨነቃሉ። ታዲያ እነሱ ምን ሊባሉ ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ውሻን ከተኩላ ያወዳደሩ ተመራማሪዎች ውሻን ከሰው ጋር ካወዳጁት ለውጦች አንዳንዶቹን ያገኙት እነዚህኑ ጂኖች አካባቢ ነው። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። በኛ ቤት ሰውና ውሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይገቡም።

ሁሉን ነገር ግን ለጂን አልሰጥም። የምድር ቤቱ ጋሼ ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ «እግዜር ያጽናዎት» ብሎ ሲቀመጥ፣ ሚጢ አጠገባቸው ሄዳ «ጋሼ፣ ሻይ ስንት ስኳር ነበር የሚያደርጉልዎት?» አለቻቸው። ሰውየው ያለቀሱት ያኔ ነው። ይህን ጥያቄ የትኛው ጂን እንደመረጠላት የሚነግረኝ የለም።

ከቆራሌው በኋላ ሕግ አወጣን። ለእኔ ፍርሃት ማንም ሳያስተምረኝ መጥቷል፤ እሷ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃሏ መያዝ አለባት። «ስሙን ለማታውቂው ሰው በር አትክፈቺ» አልናት። በማግስቱ በር ተንኳኳ። «ስምህ ማነው?» አለች። ነገራት። ከፈተች።

አሁን በሩ ላይ ከውስጥ በኩል የምንከፍትላቸውን ሰዎች ፎቶ ለጥፈናል። መጀመሪያ በመስኮት ታያለች፤ ፎቶው ካለ ትከፍታለች፣ ከሌለ ለእኔ ትደውላለች። እስካሁን እየሠራ ነው፤ ሥራ ቦታ ስልኬ አያርፍም እንጂ። ችግሩ በየቀኑ የሚለጠፍ ሰው ታመጣለች። የባጃጁ ሹፌር፣ የጉሊቷ እትዬ፣ ቆጣሪ አንባቢው። ዛሬ ደግሞ የቆራሌውን ፎቶ እንዳነሳላት ለመነችኝ፤ የእናቱ ጉልበት ተሽሏት እንደሆነ ሳትጠይቀው ነው የሄደው። እማዬ «ምስኪን ነው፣ ለጥፊላት» ትላለች። እኔ አይሆንም ብያለሁ። ሚጢ ራት ላይ አኩርፋኝ ነበር፤ እንጀራው ሳያልቅ ግን ረሳችው።