ውሃ ጎንደር ላይ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ውጭ አገር ካለ ዩኒቨርሲቲ፣ ለኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል «ለቃለ መጠይቅ ተመርጠሃል» የሚል ኢሜይል ሲደርሰኝ ሦስት ሳምንት ነበረኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት በሽምደዳ ፈጀሁት። «ለምን ኬሚስትሪን መረጥክ?» ለሚለውማ ሁለት ገጽ መልስ ጽፌ እንደ ዳዊት እደግመው ነበር።

ከዚያ ድሮ ያስተማረኝ መምህር ፒያሳ ሻይ ቤት አስቀምጦ ሞከረኝ።

«ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?»

«በ100፣ ቲቸር።»

«አሁን የት ነው ያለኸው?»

«ጎንደር።»

ዝም አለ። እኔም ዝም። ሻዬ ቀዘቀዘ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። እናቴ የሽምብራ ንፍሮ ጥዳ ከሰል የምትጨርሰው ለዚህ ነው። እሳቱን ብትጨምርበትም ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ ከማጀታችን ጋር አላገናኘሁትም!

ሽምደዳው በዚያው ቀረ። ማታ ማታ አንድ ጥያቄ እመርጥና ለታናሽ እህቴ ጮክ ብዬ በእንግሊዝኛ አስረዳለሁ። እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ለምንድን ነው? መጀመሪያ አፌ ይተሳሰር ነበር። እሷ ኬሚስትሪ አትወድም፤ «እና ለምን?» ማለት ግን ትችልበታለች።

በቀጠሮው ቀን መብራት ሄደ። ላፕቶፑን ሞልቼ፣ ስልኬ ላይ ዳታ ገዝቼ ስለነበር አልደነገጥኩም።

ሁለት መምህራን ነበሩ። «ለምን ኬሚስትሪ?» ያለኝ የለም። ማመልከቻዬ ላይ ስለ ፋሲል ግንብ ኖራ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ለማሳመር ያህል። እሱን ያዙ። «ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ከሆነ፣ የወፍራም ግድግዳ መሃሉስ?»

ላብ አጠመቀኝ። «አላውቅም፤ ከማውቀው ልጀምር» አልኩ። ግድግዳውን ወረቀት ላይ ሣልኩና ለካሜራው አሳየሁ። ውሃ የገባበት ኖራ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ጋዙን ሲያገኝ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል፤ ማለትም ተመልሶ የኖራ ድንጋይ። ጋዙ የሚገባው ከውጭ ስለሆነ ላዩ ይቀድማል፤ መሃሉ ብዙ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

«እርጥበትስ?» አለችኝ አንደኛዋ። ጭራሽ ደረቅ ሲሆን የሚፈጥን መስሎኝ እንደዚያ አልኩ። «ጋዙና ኖራው የሚገናኙት ምን ውስጥ ነው?» ስትለኝ በራልኝ። ትንሽ ውሃ ከሌለ ጋዙ የሚሟሟበት የለውም። ውሃው ከበዛ ደግሞ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። «ተሳስቻለሁ» ብዬ እዚያው አስተካከልኩ። ፈገግ አለች።

ተቀበሉኝ። ድጋሚ የምዘጋጅ ብሆን ያንን የመጀመሪያ ሳምንት ለሽምደዳ አልሰጠውም። ማመልከቻዬን አሳትሜ በእያንዳንዱ መስመር ጎን በእርሳስ «እንዴት?» እያልኩ እጽፍበት ነበር።