ከብረቱ የወጣው ቀለም

አዲስ አበባ ውስጥ የውኃ ማጣሪያ ቤት ለቤት ስሸጥ ከቦርሳዬ የማትጠፋ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነበረችኝ። አንደኛውን ጥንድ ዘንጓን የቧንቧ ውኃ ባለበት ብርጭቆ፣ ሌላውን የተጣራ ውኃ ባለበት ነክሬ ሶኬቱን እሰካለሁ። ወዲያው የቧንቧው ውኃ እንደ አተላ ይደፈርሳል፤ የተጣራው ጥርት እንዳለ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

አንድ ቀን ኮተቤ ለአንዲት እናት ይህንኑ አሳየኋቸው። ብርጭቆውን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ያልተከፈተ የታሸገ ውኃ ይዘው መጡ። «እስቲ ልጄ፣ በዚህም ሞክርልኝ። ለልጅ ልጄ የማጠጣው ይህንን ነው።»

እሱም ደፈረሰ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ማምሻውን የድርጅቱን ቴክኒሻን ጠየቅኩት። ቀለሙ የወጣው ከብረት ዘንጉ ነው። በውኃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ብረቱም ይሟሟና ዝገት ይሆናል። እኔ በምሸጠው በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውኃን በግፊት እጅግ ረቂቅ በሆነ ስስ ሽፋን በሚያሳልፈው ማጣሪያ፣ የተጣራው የማይደፈርሰው ማዕድኑ ስለወጣለት ብቻ ነው። «ጨው ጨምርበትና እየው» አለኝ። ጨመርኩ፤ ደፈረሰ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ተመልሼ እውነቱን ነገርኳቸው። «ታዲያ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» አሉኝ። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሮቶውን ከፈትኩ። ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ ሥሩ ጭቃ ይዟል፤ የርግብ ላባ ተንሳፍፏል። ሮቶውን አሳጥበው በበረኪና እንዲያጸዱ፣ ክዳኑን እንዲቀይሩ፣ የሚጠጣውን እንዲያፈሉ ወይም ዋጋው አነስ ያለ የሴራሚክ ማጣሪያ እንዲገዙ መከርኳቸው። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ከሚያጣራው ውኃ ከፊሉን ወደ ፍሳሽ ይለቃል፤ ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ አንድ መምህር ከመቂ መጣ። የጉድጓድ ውኃ ነው የሚጠጡት፤ የልጆቹ ጥርስ በልዟል። በስምጥ ሸለቆ ይህን የሚያመጣው በውኃው ውስጥ የበዛ ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ነው። ማፍላት አያስወግደውም፤ ያ ያመሰገንኩት የሴራሚክ ማጣሪያም አይዘውም። መጀመሪያ ውኃውን ላቦራቶሪ እንዲያስመረምር ለመንኩት። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ውጤቱን ይዞ ሲመለስ ከዚያ በላይ ሆኖ አገኘነው፤ ፍሎራይድን የሚያስወግደውን ሪቨርስ ኦስሞሲስ ያለ ምንም ማሳያ ሸጥኩለት።