ስድስቱ አቅጣጫዎች በእኛ ቤት

ባለቤቴ ታይላንዳዊት ናት፤ ቡድሂስት። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ታይላንድ ውስጥ፣ ቺያንግ ማይ ከተማ፣ ከእናቷ ጋር አንድ ቤት እንኖራለን። ልንጋባ ስንል አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ቡድሃ ራሱ ሚስቱንና ልጁን ጥሎ አይደል እንዴ የመነነው? በዚህ እምነት ያደገች ልጅ ስለ ትዳር ምን ታውቃለች?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሲዳርታ፣ በኋላ ቡድሃ የተባለው፣ በ29 ዓመቱ ሚስቱን ያሶድሃራንና ጨቅላ ልጁን ራሁላን ትቶ እንደወጣ ቡድሂስቶች ራሳቸው ይተርካሉ። ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። ከዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ራሁላም መነኮሰ። አያትየው ንጉሥ ሱዶዳና ይሄን አልቻሉትም። የልጅ ፍቅር ቆዳን አልፎ፣ ሥጋን አልፎ፣ አጥንትና መቅኔ ድረስ እንደሚዘልቅ ለቡድሃ ነገሩት። ከእንግዲህ ያለ ወላጅ ፈቃድ ማንም ልጅ እንዳይመነኩስ ለመኑት። ቡድሃም እሺ አለ፤ ደንብም ሆነ። ይሄን ለዘመዶቼ ስነግራቸው ነገሩ ትንሽ ረገብ አለ።

ለትዳራችን የጠቀመኝ ግን ሲጋሎቫዳ ሱታ የሚባለው ስብከት ነው። ሲጋላ የሚባል ወጣት ራጃጋሃ ከተማ አጠገብ በማለዳ፣ ልብሱና ጸጉሩ እንደራሰ፣ ለስድስት አቅጣጫ ይሰግዳል። አባቱ ሲሞት የተናዘዘለት ነው። ቡድሃ አገኘውና አቅጣጫዎቹን ሰዎች አድርጎ አስተማረው። ምሥራቅ ወላጆች፣ ደቡብ መምህራን፣ ምዕራብ ሚስትና ልጆች፣ ሰሜን ወዳጆች፣ ታች ሠራተኞች፣ ላይ መነኮሳት። ግዴታው ሁሉ ከሁለቱም ወገን ነው። ልጅ ለወላጅ አለበት፤ ወላጅም ለልጅ አለበት።

ማታ ልጃችን ሲተኛ ቁጭ ብለን አብረን አነበብነው። አንድ ሕግ ብቻ አወጣን፦ እያንዳንዳችን የምናወራው ስለ ራሳችን ድርሻ ነው። እኔ ስለ ባል፣ እሷ ስለ ሚስት። «አንቺ እኮ ይሄን አላደረግሽም» የሚባል ነገር የለም። ለሚጋቡ ወዳጆቼ አንድ ነገር ብቻ ምከር ብባል ይሄን ነው የምመክረው። ሌላውን መቆጣጠር ሲቀር የቤት ወሬ ይለወጣል።

የባል ድርሻ አምስት ነው፦ ማክበር፣ አለመናቅ፣ ታማኝ መሆን፣ የቤቱን ሥልጣን መስጠት፣ ጌጥ መግዛት። አራተኛው ላይ ብዙ ቆየን። የቤቱን ሥልጣን መስጠት ማለት የገንዘብ ውሳኔ ላይ የእሷ ቃል እንደኔው እኩል ክብደት ይኑረው ማለት እንደሆነ ተስማማን። ደሞዛችን አንድ ላይ ይገባል፣ ወጪውን እሷ ትመራለች። የሚስት ድርሻ ውስጥ የቤት ሥራን በሥርዓት ማከናወን አለ። ያ የዚያ ዘመን አኗኗር ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለታችንም ተቀጥረን ስለምንሠራ እሱን የጋራ አደረግነው።

ከአማቴ ጋር ምንም አልከበደኝም። በሠርጋችን ቀን ጉልበታቸውን ስስም ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። በሶንግክራን፣ በእኛ ከሚያዝያ 5 እስከ 7 በሚውለው አዲስ ዓመታቸው፣ ልጆች በአዛውንቶች እጅ ላይ ሽቶ ያለው ውሃ አፍስሰው ምርቃት ይቀበላሉ። እናትን በአንድ ትከሻ፣ አባትን በሌላው ተሸክሞ መቶ ዓመት ቢኖሩ እንኳ ውለታቸው አይመለስም የሚል ትምህርት አላቸው። ደሞዝ ሲገባ «ለእናትህ ላክህ?» ብላ ቀድማ የምትጠይቀኝ ባለቤቴ ናት።

ልቤን የነካው ግን «ታች» የተባለው አቅጣጫ ነው። ለሠራተኛ እንደ አቅሙ ሥራ መስጠት፣ ምግብና ደሞዝ አለመንፈግ፣ ሲታመም ማስታመም፣ ጥሩ ነገር ሲገኝ ማካፈል፣ በጊዜው ማሳረፍ። እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ታማ፣ እረፍት ተከልክላ የምትደውልልኝን አልረሳም። ስንቱ የሐበሻ ቤት የዓረብ አገር ስልክ ሲጠብቅ ያድራል! ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ሠራተኛን ከወላጅና ከሚስት ጋር በአንድ ረድፍ የቆጠረ ትምህርት አለ። አዲስ አበባም ቢሆን ቤቱ ሠራተኛ የቀጠረ ሰው ይሄን ቢያነብ ደስ ይለኛል። እኛ ልጅ የምትይዝልንን ሴት ስንቀጥር የእረፍት ቀኗን አስቀድመን በወረቀት ጻፍን። ስትታመም ደሞዟ አይቆረጥም።

በሃይማኖት አልተዋሃድንም፤ እንዋሃድ ብለንም አናውቅም። ልጃችን አዲስ አበባ ተጠምቋል። ከአያቱ ጋር ደግሞ ጠዋት ለመነኮሳት ሩዝ ይሰጣል። አማቴ ልጁ ሲያድግ እንደ ብዙ የታይላንድ ወጣቶች ለጥቂት ጊዜ እንዲመነኩስ ይመኛሉ። እኔ ያንን አልፈልግም፤ በአክብሮት ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም ፈቃዱ የወላጆች ነው ብለው ተዉት።

ናኩላፒታና ናኩላማታ የሚባሉ አረጋውያን ባልና ሚስት ቡድሃን በሚመጣውም ሕይወት እንዴት አብረን እንሁን ብለው ጠይቀውት ነበር። በእምነት፣ በምግባር፣ በልግስናና በጥበብ ተመሳሰሉ አላቸው። ዳግም መወለድን አላምንበትም። በእምነትም አንመሳሰልም። ልግስናው ላይ ግን እየሠራን ነው። ለቤተ መቅደስ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለተቸገረ ዘመድ የምንሰጠውን ወሩ ከመግባቱ በፊት አብረን እንወስናለን። መጠኑ ላይ አሁንም እንከራከራለን፤ እሷ ከእኔ ይልቅ እጇ ሰፊ ነው።