መጀመሪያ ጠይቁ፣ ፎርሙ ይደርሳል

የካንሰር ነርስ ሆኖ ተመራማሪ መሆን የሚቻለው እንዴት ነው ብለው የሚጠይቁኝ ልጆች በዝተዋል። አብዛኞቹ መስማት የሚፈልጉት ስለ ስኮላርሺፕና ስለ ጆርናል ነው። እሱን ቶሎ ልጨርሰው። በዲፕሎማ ጀመርኩ። ዲግሪዬን በማታ ተማርኩ። ቀዶ ሕክምና ክፍል አራት ዓመት ሠራሁ። ካንሰር ክፍል የገባሁት መርጬ አይደለም፤ ሰው ጎደለና ተመደብኩ። ስድስት ዓመት ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ስሰጥ ቆይቼ ማስተርስ ገባሁ። አማካሪዬ ፕሮፖዛሌን አራት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ ሞልቶ መለሰልኝ። ዳታውን ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ አስገባሁ፣ ተመረቅኩ። ጽሑፉን ሁለት ጆርናሎች መለሱት፣ ሦስተኛው ተቀበለው። ዛሬ የሰው ፕሮፖዛል በቀይ የምሞላው እኔ ነኝ። በቃ፣ መንገዱ ይኼው ነው።

ማንም ያላስጠነቀቀኝ ስለ አንድ ወረቀት ነው። ታማሚው ጥናት ውስጥ ለመግባት መስማማቱን ስለሚፈርምበት የስምምነት ፎርም።

ካንሰር ክፍል ያልሠራ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል። እኛ ዘንድ የበሽታው ስም ብዙ ጊዜ ለታማሚው አይነገርም። ሐኪሙ ልጁን ወይም ወንድሙን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ይነግራል። ታማሚው «ዕጢ ነው»፣ «ቁስለት ነው» ይባላል። ቤት ውስጥ ደግሞ «ያ በሽታ» ነው። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለረጅም ዓመታት የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከስንት አገር እናቱን ይዞ እዚያ የሚሄድ ልጅ «ለምርመራ ነው» እያለ ነበር የሚወስዳት። ክፋት አይደለም። ስሙን ከሰማች ምግብ ትተዋለች፣ ሕክምናውንም ትተዋለች ብሎ ፈርቶ ነው።

ጥናቴ ኬሞ የሚወስዱ ሴቶች ሕመማቸውንና ኑሯቸውን እንዴት እንደሚያዩት ነበር። ፎርሙ ላይ «ያለብዎት ሕመም» ብዬ ጻፍኩ። ሆን ብዬ ነው። ጥናቱን የሚያጸድቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ (የየትኛው ተቋም እንደሆነ ይቅር) ሦስት ጊዜ መለሰው። አንዴ የአማካሪዬ ፊርማ ያለቦታው ነው ተብሎ። አንዴ ሰብሳቢው ሥልጠና ሄደው። ሦስተኛው ግን ቁም ነገር ነበረው፦ ተሳታፊዋ በምን ላይ እንደምትጠና በግልጽ ማወቅ አለባት፣ «ካንሰር» የሚለው ቃል የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይግባ፣ ፎርሙም ቃል በቃል ይነበብ።

በመርህ ደረጃ ልክ ናቸው። ግን እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት አንዳቸውም ካንሰር ክፍል ውለው አድረው አያውቁም። እኔ ስድስት ዓመት ውዬ አድሬበታለሁ። ትንፍሽ አላልኩም። የፈለግኩት ማኅተሙን ነበር። ቃሉን ጨመርኩ፣ በማግስቱ ማኅተም ተመታልኝ፣ ደስ ብሎኝ ማኪያቶ ጠጣሁ።

22 ሴቶች ያለ ችግር አለፉ። 23ኛዋ ስልሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው እናት ናቸው። የማሕፀን በር ካንሰር፣ ሦስተኛ ዙር ኬሞ። መርፌው የተሰካበትን እጃቸውን እንደ ሰው አደራ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ልጃቸው ግሉኮስ ሊገዛ ወርዷል። እኔ ቸኩያለሁ። ወንበር ስቤ ማንበብ ጀመርኩ። «ይህ ጥናት የካንሰር ሕሙማን...»

«ቆይ ልጄ» አሉኝ። «ካንሰር ያልሽው ማንን ነው?»

«በጠቅላላው ነው እናቴ፤ ለሁሉም ሰው የሚነበብ ነው» አልኩ። ዋሸሁ። እሳቸው ዞር ብለው አልጋዎቹን አዩ። አጠገባቸው ፀጉሯ ያለቀ ልጅ ተኝታለች። እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ሻሻቸው ላኩ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፣ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ልጁ ግሉኮሱን በፌስታል ይዞ ገባ። አላስረዳሁትም፤ አይቶ ገባው። አልጮኸም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ኮሪደር ላይ «ሲስተር፣ አምስት ወር ሙሉ ቁስለት ነው ብያት ነበር። አንድ ቃል ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። ምን ልበለው? ኮሚቴው ነው ልበለው?

ለአራተኛው ዙር አልመጡም። ሦስት ሳምንት ስማቸውን የቀጠሮ መዝገብ ላይ ፈለግሁ። ካርዱ ላይ ያለው ስልክ አይሠራም።

ዳታ መሰብሰቡን አቆምኩና የማሻሻያ ደብዳቤ አስገባሁ። አንድ አንቀጽ ለመቀየር ሰባት ሳምንት ፈጀ። ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ «ታዲያ ይህን መጀመሪያ ለምን አልነገርሽንም?» አሉኝ። በጣም ተናደድኩ። እስካሁንም ስጽፈው ያናድደኛል፤ እውነታቸውን ነዋ።

አሁን ተማሪዎቼን የማሠራቸው እንዲህ ነው። ፎርሙን አታውጡ። መጀመሪያ አስታማሚውን ለብቻው አናግሩ። ቀጥሎ ታማሚዋን «ሕመምዎን ምን ብለው ነው የሚያውቁት?» በሉ። ዕጢ ካለች ዕጢ በሉ፣ ቁስለት ካለች እዚያው ላይ ቁሙና ለሐኪሟ ንገሩ፤ ማሳወቅ የእሱ ሥራ ነው፣ እስከዚያ ጥናት ውስጥ አትግባ። ናሙናው ይጎድላል የሚል አማካሪ ካለ ይጉደል። ቃል በቃል አንብቡ የሚለውን መመሪያ እኔ አላከብረውም። ፎርሙን በልባችሁ አጥኑትና እንደ ሰው አውሩት።

ይህን ጥያቄ ስጀምር አንዲት እናት ሳቁብኝ። «ካንሰር ነዋ! ልጆቼ እንዳይሰሙ ግን ቀስ በይ» አሉ። ልጆቹ ደግሞ ውጭ ላይ «እንዳትነግሪያት» ብለውኝ ነበር። ያን ቀን ማታ ስለ ጂን ክዊንት ቤኖሊየል አነበብኩ። አሜሪካዊት ነርስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከሶሲዮሎጂ ሰዎች ጋር ሆና ለሞት የቀረቡ ሕሙማንን አጥንታለች። ቡድኑ ይህንኑ ነገር፣ ሁሉም እያወቀ ሁሉም ያላወቀ መምሰሉን፣ ያኔውኑ ጽፎታል። እኔ እኛ አገር ብቻ ያለ መስሎኝ ነበር።

መጠይቁም የራሱ ጣጣ አለው። 30 ጥያቄ ያለውን፣ የካንሰር ሕሙማን ኑሮ የሚለካበትን የአውሮፓውያኑን መጠይቅ ነው የተጠቀምኩት። የመጀመሪያው ጥያቄ የዕቃ ዘንቢል ወይም ሻንጣ መሸከም ይከብድዎታል ወይ የሚል ነው። «ሻንጣ ይዤ የት ልሄድ?» ይሉኛል። ጀሪካን ብዬ ብጠይቅ መልሱ ወዲያው ይመጣ ነበር፤ ግን እንዳሻህ ቃል መቀየር አይፈቀድም። የመጨረሻው ደግሞ ያለፈውን ሳምንት ኑሮዎን ከ1 እስከ 7 ይመዝኑ ይላል። «ተመስገን» ስንት ነው? አማካሪዬን ጠየቅኩት፤ ትከሻውን ነቀነቀ።

የእኚያ እናት ፎርም አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ቁጥር 23፣ ሳይፈረም። የታተመው ጽሑፌ ላይ በሰንጠረዡ ግርጌ «ለመሳተፍ ፈቃደኛ ያልሆኑ» የሚል መስመር አለ። እዚያ ውስጥ ተቆጥረዋል። ይሳተፉ እንደሆነ ግን ጨርሼ አልጠየቅኳቸውም።