አንድ እንሶስላ፣ ሁለት ክረምት

ፒያሳ፣ አክስቴ ጓሮ ውስጥ፣ የጣሪያው አሸንዳ በሚያፈስበት ጥግ እንሶስላ ነበር። ክረምት ሲገባ ከመሬት ብቅ ይላል፤ መስከረም ላይ ከእኔ ቁመት ያልፋል፤ በጋ ሲመጣ ግንዱ ይወድቅና ሥሩ ብቻ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። ልጅ ሆኜ ለበዓል እንሶስላ የምሞቀው ከዚያ ሥር ነበር። አክስቴ ትወቅጠውና መዳፋችን ላይ ለጥፋ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ ታስርልን ነበር። ጠዋት ስንፈታው እጃችን ቀልቶ እናገኘዋለን።

አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የአክስቴ ሰፈር ይነሳል የሚለው ወሬ እየበረታ ሲመጣ፣ ያ ተክል በወጉ ደርቆ፣ ስሙ ተለይቶ፣ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ስብስብ የሚጠበቅበት ቦታ፣ ውስጥ እንዲቀመጥ ፈለግሁ። የሳምንት ሥራ መስሎኝ ነበር። ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህንን ባልጻፍኩ።

ስም መለየት ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ እኛ እንሶስላ የምንለው አንድ ተክል ብቻ ስላልሆነ ነው። አንደኛው በሳይንሳዊ ስሙ ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ ይባላል፤ አበባው ነጭ፣ ጉሮሮው ወይን ጠጅ ነው፤ ከኋላው እንደ ክር የቀጠነ ረጅም ጭራ አለው። ሁለተኛው ኢምፓቲየንስ ሮቲ ነው፤ አበባው ቀይ ሲሆን ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይበቅልም። የሁለቱም ሥር ያቀላል። ቲንክቶሪያ ራሱ በአፍሪካ አምስት ንዑስ ዝርያዎች አሉት። ስለዚህ «እንሶስላ ነው» ብሎ ማስቀመጥ «ወፍ ነው» ብሎ እንደማስቀመጥ ይቆጠራል።

ቲንክቶሪያን በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሰየመው ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ነው። የኢትዮጵያን ዕፅዋት የጻፈው ፓሪስ ተቀምጦ፣ ካርቴን-ዲሎንና ፔቲ የሚባሉ ሁለት የአገሩ ሰዎች የሰበሰቡትን እያየ ነበር። ሁለቱም አገራቸው አልተመለሱም፤ አንዱን ወባማ ሸለቆ ውስጥ ንዳድ ገደለው፣ ሌላውን ዓባይ ውስጥ አዞ በላው። ሪሻር እጅ የገባው እነሱ ያደረቁትና የጻፉት ብቻ ነው። ይህንን አንብቤ አልፌው ነበር፤ ቁም ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው።

መቁረጡ፣ ፎቶ ማንሳቱና ከፍታ መለካቱ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ጥቅምት 2016 ላይ ቆረጥኩት፣ ጋዜጣ ውስጥ ዘረጋሁት፣ ቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ወፋፍራም መጻሕፍት ጫንኩበት። በማግስቱ «ደብዳቤ ሳይኖር መሰብሰብ አይቻልም» ስለተባልኩ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በሁለተኛው የመሸኛ ደብዳቤዬ ቁጥር የለውም ብለው መለሱኝ። በሦስተኛው ቁጥር አስጽፌ ስመለስ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ነበረች። በአራተኛው፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኮሪደር ላይ ካስቆሙኝ በኋላ፣ «ለግለሰብ አንጽፍም» አሉኝ። ይህንን በመጀመሪያው ቀን ለመናገር ስብሰባ የገባ ኃላፊ አያስፈልግም ነበር። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ያንገበግበኛል።

በአምስተኛው ቀን መጻሕፍቱን አነሳሁ። ሽታው ቀድሞ መጣ፤ ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ጎመን ዓይነት። ግንዱ ጠቁሮ ውኃው ጋዜጣውን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ወርዷል። ቅጠሎቹ ከግንዱ ተላቀው ለየብቻ ቀርተዋል። አበባው እንደ እርጥብ ሶፍት ወረቀቱ ላይ ተጣብቋል። በመርፌ ላነሳው ስሞክር የጋዜጣው ፊደል ተገልብጦ ፔታሉ፣ ባለቀለሙ የአበባ ቅጠል፣ ላይ ታትሞ አየሁ።

ጥፋቱን ሁሉ በቢሮው ላይ ማላከክ አልችልም። አራቱንም ቀን ማታ ማታ ተመልሼ ወረቀቱን መቀየር እችል ነበር። ተናድጄ በቀጥታ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

የቀረውን ይዤ ዕፅዋት የሚያውቁ ሰው ዘንድ ሄድኩ። አላዋረዱኝም። በማጉያ መነጽር ቆይተው አዩትና ቀና አሉ።

«ቀለሙ ምን ነበር የኔ ልጅ?»

«ነጭ፣ ጉሮሮው ወይን ጠጅ።»

«የት ተጽፏል?»

«አስታውሰዋለሁ።»

«የጭራው ርዝመትስ? ፎቶው ከፊት ለፊት ነው፣ ጭራው አይታይም።»

መልስ አልነበረኝም። ነጩም ቀዩም ሲደርቅ ቡኒ ነው። «ማስታወስሽን ወረቀት ላይ መለጠፍ አንችልም» አሉኝ፤ ሲሉኝ ግን ከእኔ እኩል አዝነው ነበር።

የሚቀጥለው ክረምት ይመጣል ብዬ ተጽናናሁ። ክረምቱ ሳይደርስ በጋው ላይ ሰፈሩ ተነሳ። መጋቢት ላይ ስሄድ አሸንዳውም፣ ጥጉም፣ ግድግዳውም የለም፤ የት ቆሜ እንደነበር እንኳ መለየት አቃተኝ። አክስቴ ግን ዕቃ ከመጫኗ በፊት ሥሩን ቆፍራ የወተት ጣሳ ውስጥ ከነአፈሩ አስቀምጣዋለች። «እናቴ ከእንጦጦ ሥር፣ ከወንዝ ዳር አምጥታ የተከለችው ነው፤ ለዶዘር አልተወውም» አለችኝ። ግማሹን ይዛ ገላን ገባች፣ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ።

የእኔን ግማሽ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ አራት ኪሎ በረንዳዬ ላይ ተከልኩት። ሰኔ ላይ በቀለ፤ መስከረም 2017 አበበ። በዚህ ጊዜ መቀስ ከማንሳቴ በፊት ደብተር አነሳሁ። አበባውን ማታ አየሁት፤ ቀን የማይሰማ መዓዛው ሲጨልም ይወጣል። ጭራውን በስልኬ መብራት ሳበራበት ጫፉ ላይ ወለላው እንደ ጠብታ ብርጭቆ ተጠራቅሞ ይታያል። እዚያ ድረስ የሚደርስ ረጅም ምላስ ያለው የእሳት እራት ነው። ለካሁት፣ 9 ሴንቲሜትር። ጭራው የፔታል ሳይሆን የታችኛው ሴፓል (ከፔታሎቹ ውጭ ያለው የአበባው ሽፋን) መሆኑን ያየሁትም ያን ማታ ነው። ፔታሎቹ ሦስት ይመስላሉ፤ አምስት ናቸው፤ ከላይኛው በቀር አራቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለተጣበቁ ነው።

አደራረቁን እንዲህ አደረግሁ። ግንዱንና ቅጠሉን የፈላ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ነከርኩ፤ እንዲህ ያለ ውኃ የበዛበት ተክል ከተቆረጠም በኋላ ለቀናት በሕይወት ስለሚቆይ ነው ቅጠሉን የሚያረግፈው። አበባውን ውኃ አላስነካሁትም። አንዱን በትኜ ክፍሎቹን ለየብቻ በስስ ወረቀት መሐል ተጫንኩ፣ ሌላውን 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ከተትኩ። ከሥሩ አንዷን እብጥ በቁመቷ ሰነጠቅሁ። ወረቀት በቀን አንዴ ቀይሩ የሚለውን መመሪያ አትስሙ፤ ለእንሶስላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ጠዋትና ማታ ነው፣ የወጣውም ወረቀት ፀሐይ ላይ ደርቆ ይመለስ። ቤጎንያ ለሚባለው ውኃ የበዛበት ተክልም ያው ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ወንዴና ሴቴ አበባው የተለያየ ስለሆነ ሁለቱንም ካልያዛችሁ ግማሽ ሥራ ነው።

ስለ ደብዳቤውም የራሴ አቋም አለኝ። ጫካና ጥብቅ ቦታ ሲሆን ፈቃዱ ይቅደም፣ ልክ ነው። በራሳችሁ ጓሮ ያለ ተክል ግን ሲያብብ ቁረጡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ተሰለፉ። አበባ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከፈቃድ እስክትመለስ አይጠብቅም።

መለያ ወረቀቱ ላይ አንድ ወዳጄ «ፒያሳ፣ በራሱ የበቀለ» ብለሽ ጻፊ ብሎኝ ነበር። አልጻፍኩም። «አራት ኪሎ በጀሪካን የተተከለ፤ ሥሩ ከፒያሳ ጓሮ የመጣ፤ በጓሮው ባለቤት ቃል መጀመሪያ ከእንጦጦ ሥር የተወሰደ» ብዬ እንዳለ አሰፈርኩት። ተቀባይነት አገኘ፤ ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ ተብሎ ተቀምጧል።

ገላን ያለው የአክስቴ ግማሽም በቅሏል። የመጀመሪያውን፣ የፒያሳውን፣ አልጣልኩትም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ፔታሉ ቡኒ ሆኗል፣ የተገለበጠው ፊደል አሁንም ይነበባል።