ቆብ ብቻ የቀረጸው ካሜራ

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር፣ ሰሚት አካባቢ ከምንኖርበት ቤት በር ላይ ያቆምኳት ቪትዝ መኪናዬ ሁለቱም ስፖኪዮዎቿ በአንድ ሌሊት ተነቅለው አደሩ። መኪናዋን ውጪ ያሳደርኩት ግቢው ውስጥ የአዲስ ተከራይ ዕቃ ተራግፎ ቦታ ስላልነበረ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለውን ነገር ስለሚያውቀው የሰማ ሁሉ «አይዞህ» ብሎ አለፈ፤ እኔን ግን ከስርቆቱ ይልቅ ያናደደኝ ሌላ ጉዳይ ነበር። ከበሩ በላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ስር፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ብዬ ያስገጠምኩት ካሜራ ነበረ። ሌባውን ከመጣበት እስከ ሄደበት ድረስ አንድም ሰከንድ ሳያጓድል ቀርጾታል። የቀረጸው ግን አንድ ጥቁር ቆብና ሁለት ትከሻ ነው።

ምስሉን በፍላሽ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ፣ መርማሪው በትዕግስት ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ከተመለከተው በኋላ «ወንድሜ፣ ሰው መሆኑ ታይቷል፤ ማን መሆኑን ግን አንተም እኔም አናውቅም» አለኝ። የተናገረው እውነት ስለነበር መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሜራዎቹን በሙሉ አውርጄ እንደገና እስካሰቅል ድረስ ያነበብኩትን፣ ያሰላሁትንና የተሳሳትኩትን እዚህ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ከፍታ ነው። ካሜራ የሚገጥሙ ባለሙያዎች በአብዛኛው ከፍ አድርገው መስቀልን ይመርጣሉ፤ ምክንያታቸውም እጅ እንዳይደርስበትና ሰፊ ቦታ እንዲያይ ነው። የእኔ ካሜራ ከመሬት 4 ሜትር ተኩል ላይ ተሰቅሎ ስለነበር መንገዱን እስከ ማዶው አጥር ያሳየኝ ነበር፤ በስልኬ ስመለከተውም ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ከፍታ ወደ ታች የሚያይ ካሜራ፣ ከስሩ የቆመን ሰው አናት እንጂ ፊት አያገኝም። አሁን የበሩን መግቢያ የሚጠብቀው ካሜራ በበሩ ምሰሶ ላይ፣ ከመሬት 2 ሜትር ከ40 ገደማ ተቀምጧል። በእጅ ሊነካ ይችላል፤ ሊነካው የሚመጣ ሰው ግን መጀመሪያ ፊቱን ይሰጠዋል፤ ያንንም ከላይ ያለው ሁለተኛው ካሜራ ያየዋል።

ሁለተኛው ስህተት ሌንስ ነው። ሻጮች ስለ ሜጋፒክስል፣ ማለትም ምስሉ ስንት ሚሊዮን ነጥቦች እንዳሉት፣ ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ ሌንስ ግን ካልጠየቋቸው አይናገሩም። በዘርፉ ተቀባይነት ባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት፣ የማናውቀውን ሰው ማንነት ከምስል ለመለየት ሰውየው በቆመበት ቦታ ለእያንዳንዱ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ያስፈልጋል፤ የምናውቀውን ሰው «እሱ ነው» ለማለት 125 ይበቃል፤ አንድ ሰው መኖሩን ብቻ ለማወቅ ደግሞ 25 ይበቃል። ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ በአግድም 2560 ፒክስል አለው። ይህ ለ250 ሲካፈል ወደ 10 ሜትር ስፋት ይደርሳል፤ ማለትም ምስሉ ከዚያ የሰፋ ቦታ ካሳየ የማናውቀውን ሰው መለየት አንችልም። በብዛት የሚሸጠው ባለ 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ በጣም ሰፊ ስለሚያይ ይህን የ10 ሜትር ስፋት የሚሞላው ከካሜራው 4 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሰው እየደበዘዘ ይሄዳል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን የሚያየው ቦታ ጠባብ ቢሆንም ያንኑ ጥራት እስከ 11 ሜትር ገደማ ይዞ ይዘልቃል። መኪናዬ ቆማ የነበረችው ከካሜራው 9 ሜትር ርቃ ነበር። ገንዘቤን ያወጣሁት ሰው መኖሩን ለማወቅ ብቻ እንደነበር የገባኝ ይህንን በወረቀት ላይ ሳሰላ ነው።

የሌሊቱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። እነዚህ ካሜራዎች በጨለማ የሚያዩት ዓይናችን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ሲሆን፣ ያ ብርሃን የሚወጣው ከሌንሱ ዙሪያ ካሉ ትንንሽ አምፖሎች ነው። ከፊት ለፊቱ ነጭ ቀለም የተቀባ የብረት በር ወይም ግድግዳ ካለ ብርሃኑ ተመልሶ ምስሉን ያነጣዋል፤ የመኪና ታርጋም እንዲሁ አንድ ነጭ ሰሌዳ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ የከፋችው ግን ሸረሪት ናት። ሙቀቱ ስለሚስማማት ይሁን ብርሃኑ ትንኝ ስለሚሰበስብላት፣ በክረምት ድሯን ከሌንሱ ፊት ትዘረጋለች፤ ሌሊት ያ ድር እንደ ነጭ መጋረጃ ያበራል፤ በነፋስ በተንቀሳቀሰ ቁጥርም ስልኬ ላይ «እንቅስቃሴ ታይቷል» የሚል መልእክት ይመጣል። በአንድ ሌሊት አርባ ጊዜ ከነቃሁ በኋላ ማስጠንቀቂያውን አጥፍቼው ነበር፤ ስፖኪዮው የተነቀለውም ማስጠንቀቂያው በጠፋበት ሳምንት ነው። አሁን በረንዳው ላይ ሰው ሲጠጋ በራሱ የሚበራ ተራ የኤልኢዲ መብራት አለ። ካሜራው በዚያ ብርሃን በቀለም ይቀርጻል፤ የለበሰው ጃኬት ሰማያዊ ይሁን ቡናማ ይታወቃል። ለሌባም ቢሆን በድንገት የሚበራ መብራት ከማይታይ ብርሃን ይልቅ የሚያስደነግጥ ይመስለኛል። ጥበቃችን ጋሼም በየሳምንቱ ቅዳሜ በረጅም መጥረጊያ ድሩን ያነሱልኛል።

መብራት በጠፋ ጊዜ ካሜራም ይጠፋል፤ ይህንን የማያውቅ ሌባ የለም። ምስሉን የሚያስቀምጠው መቅጃዬና አራቱ ካሜራዎች ከኢንተርኔት ራውተሩ ጋር በአንድነት ወደ 40 ዋት ይወስዳሉ። ለኮምፒውተር ተብሎ የሚሸጠው፣ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው ትንሽ ዩፒኤስ ውስጡ ያለው ባትሪ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ስለሆነ፣ አዲስ ሳለ እንኳ ከአንድ ሰዓት ተኩል እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ ከሚቀይር መሣሪያ) ጋር ገዛሁ፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ ከ10 ሰዓት በላይ ያቆያል። ዋጋው ከካሜራዎቹ ከሁለቱ ይበልጣል፤ ለባለቤቴ ይህንን ማስረዳት ካሜራዎቹን ከመስቀል የበለጠ ጊዜ ወስዷል።

የሰዓቱ ጉዳይ ደግሞ ለኛ ሰው ብቻ የተለየ ነው። መቅጃው ሰዓትን የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን ቀኑም እንደዚያው ነው። ማመልከቻዬ ላይ «ሌሊት 9 ሰዓት ከ12 ደቂቃ» ተብሎ ተጽፎ ምስሉ 03:12 ሲል፣ መርማሪው ልዩነቱን ወዲያው ተረድቶታል፤ ማመልከቻዬን የጻፈልኝ የወንድሜ ልጅ ግን ቀኑን ወደ እኛ ሲመልስ በአንድ ቀን ተሳስቶ ነበር። ከዚህም በላይ መቅጃው ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ ደክማ ስለነበር፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀር ነበር፤ ስናጣራው የ40 ደቂቃ ስህተት ተገኘበት። ማስረጃ ተብሎ የቀረበ ምስል ሰዓቱ ከተዛባ፣ ጉዳዩን የሚያየው ሰው ሌላውንም ነገር መጠራጠሩ አይቀርም። ባትሪዋን ቀይሬ፣ መቅጃው ሰዓቱን በራሱ ከኢንተርኔት እንዲወስድ አደረግሁ።

ስለ የይለፍ ቃል አጭር ነገር ብቻ ልበል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ ከፋብሪካ በወጡበት የይለፍ ቃል የቆዩ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በብዛት ተቆጣጥሮ፣ በጥቅምት ወር ታላላቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት እንዳይከፈቱ አድርጓል። የእኔንም መቅጃ የገጠመልኝ ሰው የይለፍ ቃሉን ከአንድ እስከ ስድስት ባለው ቁጥር ትቶልኝ ሄዶ ነበር።

አዲሱ ካሜራ በተሰቀለ በሦስተኛው ቀን ከጎን ያሉት እማማ በሬን አንኳኩ። «አንተ ልጅ፣ የምትጠብቀው መኪናህን ነው ወይስ የእኔን የልብስ ማስጫ ገመድ?» አሉኝ። ምስሉን ከፍቼ ሳየው የግቢያቸው ግማሽ በእርግጥም ይታይ ነበር። የሰው ቤትና የግል ሕይወት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ መሆኑን አውቅ ነበር፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱንም ሰምቻለሁ፤ ያሳፈረኝ ግን ሕጉ ሳይሆን የሴትዮዋ ዓይን ነው። መቅጃው የተመረጠውን የምስል ክፍል በጥቁር የመሸፈን አገልግሎት ስላለው በእሳቸው በኩል ያለውን በሙሉ ሸፈንኩት፤ ቤት አስገብቼም አሳየኋቸው።

መኪናዋ ላይ ያደረግሁት ነገር ከካሜራው ያነሰ ገንዘብ ወስዶ ምናልባት የበለጠ ሥራ ሠርቷል። ያገለገለ ስፖኪዮ ሶማሌ ተራ ፈልጌ ካስገጠምኩ በኋላ በመስታወቶቹ ላይ የታርጋ ቁጥሯን አስቀረጽኩ፤ ቁጥር የተቀረጸበት መስታወት ለመሸጥ ያስቸግራልና። የነዳጅ ፓምፑን የሚያቋርጥ ድብቅ ማብሪያም አስገባሁ። ከምንም በላይ ደግሞ ተከራዩን ለምኜ ዕቃውን አስነሳሁና መኪናዋን ግቢ ውስጥ ማሳደር ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ፣ አንድ ሰው ወደ በሩ ተጠግቶ መብራቱ በራበት። ቀና ብሎ ካሜራውን ለጥቂት ሰከንዶች ተመለከተና መንገዱን ቀጠለ። ፊቱ ከነጺሙ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ሌባ ይሁን አምሽቶ የሚገባ መንገደኛ የማውቅበት መንገድ ስለሌለኝ ምስሉን ለማንም አላሳየሁም፤ ወደ ስልኬም አልገለበጥኩትም። አራቱ ካሜራዎች በቀን ወደ 173 ጊጋባይት ስለሚጽፉ፣ ባለ 2 ቴራባይቱ ዲስክ በአስራ ሁለተኛው ቀን በላዩ ላይ ሌላ ቀርጾበታል።